ጃንጥላ የተባለው ቀን

ጥቅምት 6

ለጭምቷ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ገና ከመጀመሪያው መስመር መዋሸት ደስ አላለኝምና ተውኩት። እናትሽ ግን የእውነት ደህና ናቸው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ መስኮቱም ተጠግኗል። ስለ ጉልበታቸው ጠይቂልኝ ያልሽውን ስጠይቃቸው "ጉልበቴ እሷን ምን አደረጋት?" ብለው ሳቁ። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽን እያየሁ አንቺን ማማት ለኔም ጤና ነው።

ስልኩ ይቅርና እንጻጻፍ ያልሽው ልክ ነበር። ባለፈው መስመሩ ተቋርጦ ነው ያልኩሽ፣ መስመሩ ምንም አልሆነም፤ ዘግቼብሽ ነው። በጽሑፍ ሲሆን ጆሮ ላይ መዝጋት አይቻልም። ቢበዛ አራት ነጥብ አድርጌ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

ወንበርሽ እንዳለ ነው። አለቃችን አዲስ የቀጠራትን ልጅ ሊያስቀምጥበት ዙሪያውን ሲያንዣብብ አይቼ ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት። "ለቦርሳም ደሞዝ ልንከፍል ነው?" አለኝ። "ከአንዳንዱ ሰው የተሻለ ይሠራል" አልኩት። ስድስት ወር ሆስፒታሉ ጋ ልሥራ ብለሽ ነው የሄድሽው። ስድስት ወር ቦርሳው ይችለዋል።

ትናንት ለልጅቷ ሥራችንን ሲያስረዳት ሰማሁት። "ኮዱ የቤት ውስጥ ነው፣ እያንዳንዱ መረጃ በውስጡ ፊልድ የሚባል የራሱ ቦታ አለው፤ ስኪማው ከሆስፒታሎቹ ጋር የተስማማንበት የውጭ ደንብ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ኤክስኤምኤል በሚባለው የመላላኪያ ቅርጽ ሆኖ ሲወጣ ደንቡን ካላሟላ በር ላይ ይመለሳል" አላት። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ። ቀጥሎ "ሁለቱን የሚያገናኛቸው አኖቴሽን የሚባል ነገር ነው፣ እሱ ቀላል ነው" ብሎ አለፈው። ቀላል! በያንዳንዷ ፊልድ ራስ ላይ "ወደ ውጭ ስትወጪ ስምሽ ይሄ ነው፣ እንዲህ ሆነሽ ነው የምትቀርቢው" የምትል መለያ ስትለጥፊ ዓይንሽ ደም ሲመስል እሱ የት ነበር?

ልጅቷ ደግሞ "ጮክ ብላችሁ ታነቡ ነበር አሉ፣ እውነት ነው?" ብላ መጣችልኝ። እኔ ከስኪማው "የሐኪም ስም" ስል፣ አንቺ ከኮድሽ ፈልገሽ "አለ!" ስትይ፣ ልክ እንደ ክፍል ስም ጥሪ፣ ቢሮው ሁሉ ሲስቅብን። "ወሬ ነው" አልኳት። ለፊልዶቹ በኮዱ ውስጥ ያወጣሽላቸውንም ስሞች አላሳየኋትም። ሆስፒታሎቹ የሚያዩት "አስተያየት" የሚለውን ነው፤ ውስጥ ውስጡን ስሙ "ወሬ" እንደሆነ የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። የሐኪሙ ስም "ጥድፊያ"፣ ናሙና የተመለሰበት ምክንያት "ሰበብ"። እነዚህ የኛ ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየደብዳቤሽ ብቅ የሚለው ባለ ኮፍያ ማን ነው?

ያንቺው ክብሪት


ጥቅምት 14

ክብሪቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሰበብ መደርደር አልፈልግም፤ ደክሞኝ ነው። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ጋደም እልና ያው ይነጋል።

ክፍሌን ንገሪኝ ብለሽ ነበር። ከቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የብረት ፍጭት ይሰማል ይሉኛል፣ እኔ ግን በሌለሁበት ስለሆነ አልሰማውም። መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ ያያል። አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰሃን። እንግዳ ቢመጣ ተራ ገብተን ነው የምንበላው፤ እስካሁን ግን የመጣ የለም።

የሥራ ቦታችን የሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ላይ የውኃ ቱቦዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ያንጠባጥባል። ባለ ኮፍያው ኮፍያ የሚያደርገው ለዚህ ነው፣ ጠብታው የሚወርደው ልክ በሱ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩን ለምን አታዞረውም ስለው "ቱቦው ይከተለኛል" ይላል። የሆስፒታሉ የራሱ ፕሮግራመር ነው፣ የሦስት ሴት ልጆች አባት ነው፣ ሆዱም ቀድሞት ነው በር የሚገባው። ይሄ ይበቃሻል? ያሰብሽውን አውቄዋለሁና አታስቢ።

ሥራው ጥሩ ነው። የነሱ ሥርዓት የታካሚውን መመለሻ ቀን ይጠይቃል፣ ማለትም ውጤቱን አይቶ ሐኪሙ ና የሚለውን ቀን። እኛ ዘንድ ስላልነበረ አዲስ ፊልድ ልጨምር ነው። በስኪማው አንቺም ጨምሪልኝ። ዓይነቱን እንዳሻሽ አድርጊው፣ እከተልሻለሁ።

እማዬን ሳሚልኝ። ስለ ጤናዋ የደበቅሽኝ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ።

ስለ ንባባችንም አንሥተሽ ነበር። እዚህም ምሽት ላይ ከሱ ጋር ጮክ ብለን እናነባለን። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። "አለ" ሲል ድምፁ እንደ መለከት ነው።

ጓደኛሽ


ጥቅምት 17

ጭምቷ፣

ሌላው ሁሉ ይቅር። ሆዱ ይቅደም፣ ልጆቹ ይደጉለት፣ ቱቦው ያንጠባጥብበት። እኔ ባል ወሰደብኝ አልኩሽ? ብታገቢው ኖሮ ቀሚስ አሰፍቼ እመጣ ነበር። ንባባችንን ነው የሰጠሽው! ቆይ፣ ምን ብለሽ ነው ያስተማርሽው? "አንድ ቁጡ ጓደኛ አለችኝ፣ እሷ ስላልመጣች አንተ በሷ ቦታ ግባ" ብለሽ? ወይስ ስሜን ሳታነሺ እንደራስሽ ፈጠራ አድርገሽ?

እቀናለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ቢያስገምተኝም። እዚህ ምሽት ላይ ስኪማውን እከፍትና "የናሙና ቁጥር" እላለሁ፤ ቦርሳው ዝም ይላል። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝና "ቤትሽ ሰው ይጠብቅሽ የለም?" አለችኝ።

ስለ እናትሽ የደበቅሁሽ ነገር የለም። እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርሽ። እሁድ ዕለት የስኪማውን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። አርባ ዓመት ስም ሲጠሩ የኖሩ መምህር አይደሉ? "እማማ፣ እኔ ስም ልጥራ፣ እርስዎ 'አለ' ይበሉልኝ" አልኳቸው።

"ምንድን ናቸው እነዚህ?" አሉኝ።

"የልጅዎ ፊልዶች ናቸው። ቤት ውስጥ በፈለገችው ስም ትጠራቸዋለች፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ደንቡ የሚለውን ስም ለብሰው ነው የሚወጡት። ራሳቸው ላይ በምትለጥፈው መለያ ነው የሚታወቁት።"

"እንደ ተማሪዎቼ ነዋ!" አሉ። "ቤት ውስጥ አቡሽና ኩኩ የሚባል ሁሉ፣ መዝገብ ላይ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። እናቶቻቸው ካልነገሩኝ በምን አውቃለሁ!" ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ቀና ብለው ተቀመጡ። በየስሙ "አለ!" እያሉ እስከ መጨረሻው ሄድን። ኮድ ስለሌላቸው ያለውንም የሌለውንም አለ ነው የሚሉት፤ ቢሆንም ሰው መለሰልኝ።

የመመለሻ ቀኑን በስኪማው ጨምሬያለሁ። ቀን ብቻ ነው፤ ሰዓት፣ ደቂቃ ምናምን ይዞ ከመጣ በሩ አያስገባውም። ደንብ ደንብ ነው። ለባለ ኮፍያሽም ንገሪው።

ክብሪት


ኅዳር 5

ጭምቷ፣

አይ፣ የባለፈውን ደብዳቤሽን አልቀደድኩትም፤ ኢሜይል እንዴት ይቀደዳል? ኩርፊያዬም አልፏል፣ ወይም አልፎ ነበር እስከ ዛሬ ጠዋት። ስለ ቀሚሱ የጻፍሽው አስቆኛል። ስለ "እኔም እዚህ ሰው ያስፈልገኛል" ያልሽውም ገብቶኛል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

ዛሬ ጠዋት ኮድሽ መጣ። እንደ ጥሩ ልጅ ተቀምጬ ከፈትኩት። ወሬ አለ፣ ጥድፊያ አለ፣ ሰበብ አለ፤ ልቤ ሞቅ አለ። ወረድ ስል አዲሷን ፊልድ አገኘሁ። ራሷ ላይ መለያዎቿ በወግ ተለጥፈዋል፦ ስትወጪ "የመመለሻ ቀን" ተባዪ፣ ወዘተ። የውስጥ ስሟን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጃንጥላ።

ጃንጥላ ማለት ምንድን ነው? ከጠዋት ጀምሮ ሳስታውስ ዋልኩ። ትምህርት ቤት የነበርንበትን፣ የመጀመሪያውን ቢሮ፣ ሊፍቱ ውስጥ የተቆለፍንበትን ቀን ሁሉ አገላበጥኩ። ጃንጥላ የሚባል ነገር የለበትም። እኔና አንቺ ጃንጥላ ኖሮን አያውቅም፤ አብረን ስንበሰብስ ነው የኖርነው። ስለዚህ የኔ አይደለም። የኔ ካልሆነ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ኮዳችን ውስጥ! ከወሬና ከሰበብ አጠገብ! ቤቴ ገብቼ የማላውቀው ኮት ማንጠልጠያው ላይ ተሰቅሎ ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

እሱን ችዬው ነበር እንበል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አለቃችን ብሩህ ፊት ይዞ መጣና "ጓደኛሽን እኮ ሆስፒታሉ በቋሚነት ሊወስዳት ጠየቀን። አልነገረችሽም?" አለኝ። "ነግራኛለች" አልኩት። እሱ ፊት እንዴት አልነገረችኝም እላለሁ? ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ቆምኩ።

ሁለት ነገር ብቻ መልሺልኝ። ጃንጥላ ምንድን ነው? ትመለሻለሽ ወይስ አትመለሽም?

ክብሪት


ኅዳር 10

ክብሪቴ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልነበረብሽም።

ስለ ጃንጥላው ስመጣ እነግርሻለሁ። በጣም ትንሽ ነገር ናት፤ በደብዳቤ ብጽፋት ከሆነችው በላይ ትገዝፋለች። ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ዛሬ የምለው የለኝም። አትቆጪ። የለኝም ስል የለኝም ማለቴ ነው እንጂ መደበቄ አይደለም። ወይም ትንሽ መደበቅ አለበት፣ ግን ክፉ መደበቅ አይደለም።

የአዲሱ ሥርዓት መክፈቻ ቀን ቀርቧል። የሆስፒታሉ ኃላፊ በየጠዋቱ ደረጃውን ወርዳ "ዝግጁ ናችሁ?" ትለናለች፤ ባለ ኮፍያው "ቱቦው ካልፈነዳ" ይላታል። ኮዱን የመጨረሻ ጊዜ የምታጠቃልይው አንቺ ነሽ፣ እዚያው ካለሽበት። እባክሽ ከመላክሽ በፊት እንደልማዳችን ይነበብ። አዲሷን ልጅ አስቀምጠሽም ቢሆን። ወይ እማዬ ጋ ይዘሽ ሂጂ፤ ስም እንደጠራሽላት ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ስትነግረኝ ነበር። "የልጆችሽ ስም ሲጠራ 'አለ' አልኩልሽ" ነው የምትለኝ።

ናፍቀሽኛል። ይሄን ጽፌልሽ አላውቅም መሰለኝ።

ጓደኛሽ


ኅዳር 19

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ባለሙያ፣

ደብዳቤዎ ደርሶናል። ናፍቆትዎን በአክብሮት ተቀብለናል። "ስመጣ እነግርሻለሁ" የሚለውንም ተረድተናል፤ የማይመጣ ሰው የሚለው እንደሱ ነው።

ኮድዎ ተጠቃሎ ተልኳል። ሥራው መደበኛ የሆስፒታል ሥራ እንደመሆኑ፣ በውስጡ የነበሩ የልጅ ጨዋታ ስሞች እንዲጸዱ አድርጌያለሁ። "ጃንጥላ" የሚባለው ከእንግዲህ በውስጥም በውጭም "የመመለሻ ቀን" ነው። ስሙ ውስጥና ውጭ አንድ ከሆነ ራሱ ላይ የሚለጠፍ መለያ ምን ይሠራለታል? ራሱ ላይ ያለውን መለያ ሁሉ አንሥቻለሁ። አድልዎ እንዳይባል ወሬንም፣ ሰበብንም፣ ጥድፊያንም በደንቡ ስማቸው ጠርቻቸዋለሁ። አሁን ማንም መጥቶ ቢያነበው የሚጠይቀው ነገር የለም። ሰውም የለበትም።

ንባቡን በተመለከተ፣ እናትዎ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ስለነበር አላነበብንም። አዲሷን ልጅ ደግሞ እኔ አላስነብብም። እንደርስዎ ቶሎ ሰው አልለምድም።

አክባሪዎ


ኅዳር 24

ክብሪቴ፣

አልተቆጣሁም። እንደዚህ ብዬ የምጀምረው አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆጥቼ ስለጨረስኩ ነው።

አለቃችን የነገረሽ እውነት ነው። በመክፈቻው ጠዋት የላክነው ውጤት ሁሉ በር ላይ ተመለሰ። አንድም አልገባም። ኮሪደሩ በሰው ተሞላ። ነርሶቹ ውጤት በእጅ ወረቀት ላይ እየጻፉ ደረጃ ለደረጃ ሮጡ፤ ባለ ኮፍያውም አብሯቸው ሮጦ ኮፍያውን ጣለ። ሰው አልተጎዳም፣ ይሄን መጀመሪያ እወቂልኝ። ግን አንዲት ሴትዮ ልጇን ታቅፋ እስከ ምሳ ሰዓት ቆማ አየኋት፤ ፊቷ አይጠፋኝም።

ምክንያቱን አንቺም ሳታውቂው አልቀረሽም። ጃንጥላ ራስ ላይ ሁለት መለያ ነበር። አንዱ ስሙን ነው የሚለው። ሁለተኛው "ቀን ብቻ ሆነህ ውጣ" የሚለው ነው። ኮዳችን በሚጻፍበት በጃቫ ቋንቋ፣ ቀን ካልከለከልሽው በቀር ሰዓቱን አስከትሎ ነው የሚወጣው። ስሙ አንድ ሆነ ብለሽ ሁለቱንም አነሣሻቸው፤ ቀኑም ከነሰዓቱ ከነደቂቃው በሩ ላይ ደረሰ። "ሰዓት ይዞ ከመጣ አላስገባውም" ያልሽው አንቺ ነሽ። የራስሽ በር ነው የመለሰሽ።

ያገኘነውም በንባብ ነው። ያን ሁሉ ሰው ፎቅ ላይ ትተን፣ ምድር ቤት ቁጭ ብለን፣ እሱ ስኪማሽን ይዞ "የመመለሻ ቀን" አለ። "አለ" አልኩት። "ቀን ብቻ" አለ። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ የለም። ማን እንደለወጠው ለማየት ስንከፍት ስምሽ ወጣ። እሱም አየው። "ይህቺ ናት ክብሪት?" አለኝ። ናት አልኩት። "ከነገርሽኝ ትብሳለች" ብሎ ሳቀ። ሲስቅ እኔ አለቀስኩ።

ለኃላፊዋ ሳይነበብ እንዲያልፍ የተውኩት እኔ ነኝ አልኳት። ውሸት አይደለም። በደብዳቤ ከመተማመን ደውዬ ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ እንዳትዘጊብኝ ፈርቼ ተውኩት።

አሁን ጃንጥላን ልንገርሽ። አንድ ቀን ዝናብ መጣ። እሱ አንድ ጃንጥላ ነበረው፤ ከላይ የያዘው ለኔም ለራሱም ሳይሆን ለኮምፒውተሩ ቦርሳ ነው። ሁለታችን በሰበስን፣ ቦርሳው ደረቀ። ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ጃንጥላውን ይዤው ቤቴ ገባሁና ነገ እመልሳለሁ እያልኩ እስከ ዛሬ አልመለስኩም። በየጠዋቱ "የመመለሻ ቀኑ መቼ ነው?" ይለኛል። ይኸው ነው። ያልነገርኩሽ፣ ብነግርሽ ያንቺም ስለሚሆን ነው። የነገርኩሽ ነገር ሁሉ ወዲያው ያንቺ ይሆናላ! እዚህ አንድ ወንበርና አንድ ሰሃን ነው ያለኝ። አንድ ትንሽ ነገር ለብቻዬ ፈለግኩ።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ደግሞ ልመልስ። ቋሚ ሥራውን እንደማልፈልግ ለኃላፊዋ ልነግራት በዚያው በመክፈቻው ዕለት ከምሳ በኋላ ቀጠሮ ነበረኝ። ልመጣ ነበር። ሳልነግርሽ መጥቼ፣ ቦርሳሽን ከወንበሬ ላይ በገዛ እጄ ላነሣው ነበር የደበቅሁሽ።

ቀጠሮው አልቀረም፣ ገባሁ። ግን ጠዋት ሥራቸውን ያቆምኩባቸውን ሰዎች ከሰዓት በኋላ ደህና ሁኑ ማለት አልቻልኩም። ሸሸች እንዲሉኝ አልፈለግሁም። ለአንድ ዓመት ፈርሜያለሁ።

እማዬን ጉንፋኑ ለቀቃት?

ጓደኛሽ


ኅዳር 30

ጭምቷ፣

ጉንፋኑ ለቋቸዋል። ከዚህ ሌላ ደህና ነገር የለኝም።

ደብዳቤሽን ሰው በሌለበት ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። "ቦርሳሽን በገዛ እጄ ላነሣው" የምትለው ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። አንቺን ላስመጣ ብዬ አይደለም የሠራሁት፣ አልዋሽሽም፤ ንዴቴ ነው። ግን አጠገቤ ልትሆኚ የነበርሽውን በገዛ እጄ ዓመት ገፋሁሽ። ልጇን ታቅፋ የቆመችውም ሴትዮ እንቅልፍ ነስታኛለች። ይቅር በይኝ። ዛሬ ካልሆነልሽ ሌላ ቀን በይኝ፣ እጠብቃለሁ።

ለአለቃችንም ራሴ ሄጄ ነገርኩት። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም፤ ለሆስፒታሉም እንዲህ ብለህ ጻፍ" አልኩት። ጽፏል። ከዚህ በኋላ ያንቺን ኮድ ከልጅቷ ጋር ሳላነብ አንድ መስመር እንዳልነካ ወስኗል። ልክ ነው።

ስሞቹን መልሻቸዋለሁ። የድሮውን በአንድ ቁልፍ መመለስ ይቻላል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኳቸው። ወሬ፣ ጥድፊያ፣ ሰበብ። ከዚያ ጃንጥላ። ይሄኛውን ጥርሴን ነክሼ ነው የጻፍኩት። ራሱ ላይ ሁለቱንም መለያ ለጠፍኩ፣ ስሙንም "ቀን ብቻ" የሚለውንም። ለሦስት አነበብነው፤ እኔ፣ ልጅቷ፣ እማማ። እማማ ቤት ነው ያነበብነው። ልጅቷ ኮዱን ይዛ "አለ" ስትል እማማ "ጮክ በይ፣ የኋላ ወንበር አይሰማም" ይሏታል።

አዎ፣ ልጅቷ ወንበርሽ ላይ ናት። ቦርሳዬ መሬት ወርዷል። ጎበዝ ናት፣ ግን ስትጽፍ ታፏጫለች። አንቺ ስትመጪ ሌላ ወንበር እንገዛለን።

ቅናቱ አልወጣልኝም፣ እንዳይመስልሽ። የኔ ያልሆነ ሳቅ እንዳለሽ አሁን አውቃለሁ፤ ማወቅ ሌላ፣ መዋጥ ሌላ። ለኮፍያው ሰላም በይልኝ። ለሰውየው ገና ነኝ።

ደግሞ ስትከፍቺው እንዳትደነግጪ፦ የላቦራቶሪው ስም የሚገባበትን ፊልድ የውስጥ ስሙን "ትራስ" ብዬዋለሁ። መለያው ትክክል ነው፣ ሦስታችን አንብበነዋል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ምንም የሚለወጥ የለም። እማማ እንደጻፍኩት ሲያዩ ጉልበታቸውን ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነግርሽም። የኔና የእናትሽ ነው።

ክብሪት


ታኅሣሥ 4

ክብሪት፣

ለሰላምታ ጊዜ የለኝም። ትራስ ማለት ምንድን ነው?

ከትናንት ጀምሮ ሥራ አልሠራሁም። እቤታችን ያለውን ትራስ ሁሉ አስታወስኩ። አንዱ ያደግሁበት ነው፣ አንዱ አባቴ የተወው ነው፣ አንዱን ድመቷ ቀዳዋለች። ከነዚህ የቱ ነው የሚያስቀው? ወይስ እኔ ከሄድኩ በኋላ የተገዛ ትራስ አለ?

እማዬ ጋ ደወልኩ። "ልጄ፣ አንቺን አይመለከትም" ብላ ሳቀች። እናቴ! የወለደችኝ! ከኋላዋ የፉጨት ድምፅ ሰማሁ፤ ያቺ ልጅም እዚያ ነበረች። ታዲያ ሦስታችሁም ታውቃላችሁ ማለት ነው? ከዚያ ያደረግሁትን ብነግርሽ አታምኚኝም፤ በእናቴ ጆሮ ላይ ዘጋሁባት። እኔ! መስመሩ ተቋርጦ ነው ብዬ ልደውልላት አስቤ አፈርኩ።

ባለ ኮፍያው "ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ራሴ ላይ አደረገልኝና "ያንቺ ቱቦም ጀመረ" አለኝ።

ክብሪቴ፣ ይሄን ሁሉ ወር እንዲህ እያቃጠለሽ ነበር የምትጽፊልኝ? እኔ ደግሞ "ትንሽ ነገር ናት፣ ስመጣ እነግርሻለሁ" እያልኩሽ! ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ይቅር በይኝ።

አሁን ተቀመጪና ጻፊልኝ። ትራስ ምንድን ነው?

ጓደኛሽ